ከስድስት ኪሎ እስከ ቦሌ፦ ክሩ የሚበጠስባቸው ሁለት ቦታዎች

40 ደቂቃ፣ 50 ተማሪ፣ 5 ክራር። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ለአንድ ልጅ 4 ደቂቃ ይደርሰዋል። ግን ክራር ተቃኝቶ ወደ ክፍል አይገባም። መምህሩ አንዱን በ3 ደቂቃ ቢቃኝ አምስቱ 15 ደቂቃ ይበላሉ። የቀረችው 25 ደቂቃ ለ50 ልጅ ስትካፈል ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ተኩል ትሆናለች። ያውም 5 ክራር ያለው ትምህርት ቤት ከተገኘ።

መንግሥት ለሙዚቃ ትምህርት ስለሚሰጠው ድጋፍ ሲወራ እንዲህ ዓይነቱ ስሌት አይነሳም፤ የሚነሳው ፖሊሲ ነው። በፖሊሲ በኩል ደግሞ ነገሩ ያን ያህል አያሳፍርም። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሙዚቃን ያቀፈውን የክወናና እይታ ጥበባትን በመጀመሪያ ደረጃ ራሱን የቻለ ትምህርት አድርጎታል፤ መጽሐፍም አለው። ከላይ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በዲግሪ ያስመርቃል። መሃሉ ጸንቷል ማለት ነው። ክሩ የሚበጠሰው ከሁለቱ ጫፎች ላይ ነው፤ አንዱ ልጁ መሣሪያ ሊነካ ሲል፣ ሌላው ተምሮ የበቃው ሙዚቀኛ ከቦሌ ተነስቶ ለመጫወት ሲጋበዝና የጉዞ ኢንሹራንስ ሲጠየቅ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያያቸው ሰው ብዙም የለም፤ አንዱ የትምህርት፣ ሌላው የፋይናንስ ጉዳይ ነው ተብሎ ተለያይቷል። የሚጎዱት ሰዎች ግን አንድ ናቸው።

መንግሥት ሙዚቃን የመደገፍ ልማዱ አዲስ አይደለም። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ልጆች፣ አርባ ልጆች የሚባሉት፣ ከአሠልጣኛቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር በመንግሥት ደመወዝ የተቀጠሩ ባንደኞች ነበሩ። ፒያሳ ያለው ሀገር ፍቅር በ1927፣ የዛሬው ብሔራዊ ትያትር በ1948 ሥራ ሲጀምሩም ከጀርባቸው ቤተ መንግሥቱ ነበር። የያሬድ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደም የአገር ቤት መሣሪያዎች ከፒያኖው ጎን እንዲሰለጥኑ የደከመ ሰው ነው። የመንግሥት እጅ እንደሚሰጥ ሁሉ እንደሚነሳም የበገና ታሪክ ይመሰክራል፤ በያሬድ በገና ያስተምር የነበረው ዓለሙ አጋ በደርግ ዘመን ትምህርቱ ሲዘጋ ማስተማሩን አቁሟል። አሥር አውታር ያለው፣ ክሩ ከበግ አንጀት የሚፈተል፣ ከአውታሩ ሥር በሚገባ የቁርበት ቁራጭ፣ በእንዝራው፣ የሚንዘረዘር መሣሪያ ከመማሪያ ክፍል ለመጥፋት የጠየቀው አንድ የአስተዳደር ውሳኔ ብቻ ነበር።

አሁን ያለው አጥር ሌላ ነው። የዲግሪ ትምህርት መግቢያው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። የማለፊያው ነጥብ 50 በመቶ ከሆነ ወዲህ የ2014 ዓ.ም.ን ፈተና ከወሰዱት ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ለሕክምናና ለምሕንድስና ይህ ወንፊት ይግባም አይግባም ሌላ ክርክር ነው። ለሙዚቃ ግን ጆሮን በሒሳብ መመዘን ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ማሲንቆን እንደ አንደበቱ የሚያናግር ልጅ በፊዚክስ ሲወድቅ፣ ከዲግሪው በታች የሚያስተናግደው፣ በሰርተፍኬት ወይም በዲፕሎማ የሚቀበለው በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ጠንካራ መንገድ ያስፈልገዋል። የተግባር ፈተናን ዋና፣ የቀለም ፈተናን ረዳት ማድረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ውሳኔ ነው።

ገንዘብ የሚጠይቀው መሣሪያው ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማየት ይበጃል።

ለአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሆን አነስተኛ ስብስብ ሲታሰብ ብዙዎች የሚሳሳቱት ፒያኖ ወይም ኪቦርድ በማስቀደም ነው። 10 ክራር፣ 15 ዋሽንት፣ 2 ከበሮና 2 ማሲንቆ ከአንድ ኪቦርድ ይልቅ ብዙ ልጅ ያጫውታሉ። ሲገዙ ግን ጥንቃቄ አለ። ቸርችል ጎዳና ላይ ከሚገኙት የስጦታ ዕቃ ሱቆች የሚገዛ ክራር አብዛኛውን ጊዜ ለግድግዳ የተሠራ ነው፤ መቃኛው እንጨት በቀዳዳው ውስጥ ስለማይጠብቅ ቅኝቱ ሁለት ዜማ ሳይዘለቅ ይወርዳል። ለትምህርት ቤት የጊታር ዓይነት የብረት መቃኛ የተገጠመለት ክራር ይሻላል። ባህል አዋቂዎች ያኮርፉ ይሆናል፤ ነገር ግን ከላይ ያየናትን 15 ደቂቃ ወደ 5 የሚያወርዳት እሱ ነው። ትርፍ የናይለን ክር ለእያንዳንዱ ክራር ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቅያሪ አብሮ ካልተገዛ፣ ከመንፈቅ በኋላ መጋዘን ውስጥ ባለሦስት ክር ክራሮች ተደርድረው ይገኛሉ።

ዋሽንት ላይ ያለው ስህተት ደግሞ የባሰ ነው። ዋሽንት አንዴ ከተቆረጠ ድምፁ አይቀየርም፤ ለዚህ ነው ዋሽንት ተጫዋች ርዝመታቸው የተለያየ በርካታ ዋሽንቶችን የሚይዘው። በጨረታ «ዋሽንት፣ 15 ፍሬ» ተብሎ ሲገዛ 15 የተለያየ ቁመት ይመጣል፤ 15 ልጅ አንድ ዜማ ሲነፋ ክፍሉ ገበያ ይሆናል። መምህሩም ልጆቹ ችሎታ የላቸውም ብሎ ይደመድማል። የግዥ ሰነዱ ላይ ሁሉም በአንድ ድምፅ የተቆረጡ፣ ባለ አራት ቀዳዳ ተብሎ መጻፍና ርክክብ ላይ አንድ ባለሙያ አንድ በአንድ ነፍቶ እንዲያረጋግጥ ማድረግ ያስፈልጋል። የዕቃ ግዥ ኮሚቴ ውስጥ ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ማስገባት ማለት ይኸው ነው።

ከውጭ የሚገባው መሣሪያ፣ ጊታሩ፣ ቫዮሊኑ፣ ሳክስፎኑ፣ ሌላ ጣጣ አለው። ወደብ ደርሶ 100,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ የጉምሩክ ቀረጡ 10 በመቶ ነው ብለን እንነሳ። 110,000 ሆነ። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው ከዚህ ላይ ስለሆነ 16,500 ይጨመራል። ከሱር ታክስ፣ በገቢ ዕቃ ላይ ከሚጣለው ተጨማሪ ታክስ፣ ነፃ ካልተባለ ደግሞ 10 በመቶ ከ126,500 ላይ ይሰላል፤ 12,650። ጠቅላላው 139,150 ብር፣ የአስመጪው ትርፍና ሌሎች ክፍያዎች ሳይገቡ። አብዛኛው ጭማሪ ከቀረጡ ሳይሆን ከሌሎቹ ታክሶች ስለሚመጣ፣ መንግሥት የቀረጡን መጣኔ ብቻ ቢቀንስ የሚሰማው ቅናሽ ከሚጠበቀው ያነሰ ይሆናል። በላዩ ላይ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ስላለፈ፣ ቀረጡ የሚሰላበት መነሻ ራሱ አብጧል። ስለዚህ ድጋፍ ሲጠየቅ «የቀረጥ ቅናሽ» ከማለት፣ ለትምህርት ቤት የሚገባ መሣሪያ ከሁሉም የማስገቢያ ታክሶች ነፃ እንዲሆን መጠየቅ ይሻላል።

እንግሊዝ ውስጥ የሚሠራበት አንድ ነገር ለእኛ ይጠቅማል። መሣሪያ ለየትምህርት ቤቱ አይታደልም፤ በየአካባቢው የሙዚቃ ማዕከል አለ፤ መሣሪያው የማዕከሉ ንብረት ሆኖ ለልጆች በውሰት ይሰጣል። በ2022 እ.ኤ.አ. በታደሰው የሙዚቃ ትምህርት ዕቅዳቸው ለመሣሪያ ግዥ ብቻ 25 ሚሊዮን ፓውንድ ተመድቧል። ገንዘቡን ተዉት፤ አሠራሩን ግን አዲስ አበባ ውስጥ በክፍለ ከተማ ደረጃ መኮረጅ ይቻላል። አራዳ ላይ አንድ መጋዘን፣ አንድ ጠጋኝ፣ አንድ መዝገብ። ጠጋኙ ከሁሉ በላይ ያስፈልጋል። የከተማዋ ክረምትና በጋ በእርጥበት በጣም ስለሚለያዩ ቁርበት ይላላል፣ ይጠብቃል፤ እንጨት ይጣመማል። ያለ ጠጋኝ የሚታደል መሣሪያ ዕድሜው ሁለት ክረምት ቢሆን ነው።

አሁን ወደ ሌላው ጫፍ። ተማሪው ተመረቀ፣ ወይም አዛውንቱ መምህር አውሮፓ ላለ የባህል ፌስቲቫል ተጋበዘ። የግብዣ ደብዳቤ አለ፣ የሆቴል ማስያዣ አለ። የቀረው የጉዞ ኢንሹራንስ ነው፤ ብዙዎች እንደ ማህተም ወረቀት ብቻ የሚያዩት።

የሼንገን፣ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሰጡት፣ የቪዛ ሕግ የሚጠይቀው ግልጽ ነው። ሽፋኑ ከ30,000 ዩሮ ማነስ የለበትም፣ በሁሉም የሼንገን አገሮች መሥራት አለበት፣ ቆይታውን በሙሉ መሸፈን አለበት፤ ድንገተኛ ሕክምናን፣ የሆስፒታል ወጪን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስንና ሞትን ማካተት አለበት። በተጨማሪ ቆንስላው፣ ኩባንያው አውሮፓ ውስጥ ካሳ ሊጠየቅ የሚችል መሆኑን ያጣራል። እዚህ ያሉ ኩባንያዎች የታመመ ተጓዥን ሕክምና በሚያስተባብሩ የውጭ አገር እርዳታ ሰጪ ድርጅቶች በኩል የሚሠሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሰርተፍኬቱ ላይ የዚያ ድርጅት ስምና የ24 ሰዓት ስልክ መኖሩን ሳያዩ ከቢሮው አይውጡ።

ወረቀቱ ውድቅ የሚሆንባቸው ነገሮች ግን ከሕጉ ይልቅ ተራ ስህተቶች ናቸው። ስም አንዱ ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈው ስምና የኢንሹራንስ ሠራተኛዋ እንደሰማችው የጻፈችው አንድ ፊደል ይለያያሉ። የልደት ቀን ሌላው ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የተነገረ ዓመት ሳይመነዘር ከገባ ሰውየው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል፤ አረቦኑም፣ ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ዋጋ፣ በዕድሜ ስለሚሰላ ይንራል። ሦስተኛው የመድረሻ ቦታ ነው። በርሊን፣ ፓሪስና ዙሪክ የሚጫወት ቡድን «የአውሮፓ ኅብረት» የሚል ሽፋን ገዝቶ ይሄዳል፤ ስዊዘርላንድ ግን የሼንገን አባል እንጂ የኅብረቱ አባል አይደለችም። ጉዞው ላይ ለንደን ከተጨመረ ደግሞ ከሼንገን ሽፋን ውጭ ነው፤ ዓለም አቀፍ ሽፋን መግዛት ይሻላል። አራተኛው የጉዞ ምክንያት ነው፤ የግብዣው ደብዳቤ ለሥራ እያለ ኢንሹራንሱ «ጉብኝት» ካለ፣ አደጋው መድረክ ላይ ሲደርስ ክርክር ይመጣል።

ጊዜውም ተለውጧል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 በኢትዮጵያውያን ላይ ባወጣው ውሳኔ መደበኛው የቪዛ ማስተናገጃ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን እንዲረዝም፣ ተደጋጋሚ መግቢያ ያለው ቪዛም እንዳይሰጥ ተደርጓል። ለሙዚቀኛ ትርጉሙ ይህ ነው፦ በዓመት ሦስት ፌስቲቫል ካለ ሦስት ማመልከቻ፣ ከሰኔ 2016 ጀምሮ 90 ዩሮ የሆነ ሦስት የቪዛ ክፍያ፣ ሦስት ኢንሹራንስ። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ሊገባ ስለሚችል፣ ግብዣው በእጅ እንደገባ መጀመር ነው። ኢንሹራንሱን ከመግዛት በፊት ሁለት ጥያቄ በጽሑፍ መልስ ያግኝ፤ ቪዛው ቢከለከል አረቦኑ ይመለሳል ወይ? ጉዞው ወደ ሌላ ጊዜ ቢተላለፍ ቀኑን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ታዛውራላችሁ ወይ? የሚሸፈነው ትክክለኛው የቆይታ ቀን እንጂ የቪዛው ዕድሜ ስላልሆነ፣ የሌሊት በረራ ከሆነ ከመነሻው ቀን ጀምሮ አንድ ቀን አስበልጦ መግዛት ከጣጣ ያድናል።

ፍትሐዊነቱ የሚፈተነው ግን ዕድሜና ጤና ሲመጡ ነው። የጉዞ ኢንሹራንስ በዓለም ዙሪያ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ከ65 ወይም ከ70 ዓመት በላይ ለሆነው ዋጋ ይጨምራል፣ ከሆነ ዕድሜ በኋላ ጭራሽ አይሸጥም፤ ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም አይሸፈንም። ኩባንያው በአደጋ ስሌት ይሠራልና በንግድ ዓይን ትክክል ነው። አሁን ግን የሚጋበዘውን ሰው እንይ። ፌስቲቫሎች የሚፈልጉት አሮጌውን ዜማ የያዘውን ሰው ነው፤ በ60 ዓመቱ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጣውን ማሲንቆ መቺ፣ ወይም በገና ደርዳሪውን አባት። ስኳር ወይም ደም ግፊት ቢኖርበት አያስገርምም። ተማሪው ወጣት ርካሽ ኢንሹራንስ ያገኛል፤ ያስተማረው ሰው ይከለከላል ወይም እጥፍ ይከፍላል። ጡረታ በመውጣቱም ከመሥሪያ ቤቱ የቡድን ሽፋን ውጭ ሆኗል።

ይህን አጥር ለመዝለል በሽታን መደበቅ የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ከሁሉም የከፋው ግን እሱ ነው። በሥራ ላይ ያለው የ1952ቱ የንግድ ሕግ የኢንሹራንስ ክፍል ገዢው የሚያውቀውን ስጋት እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ ሆን ብሎ ከደበቀ ውሉ ይፈርሳል። ስኳሩን ደብቆ የሄደ ሰው እግሩን ተሰብሮ ሆስፒታል ቢገባ እንኳ የሕክምና ማህደሩ ሲጠየቅ ነገሩ ይወጣል። ገልጾ «ስኳር አይሸፈንም» የሚል ውል መያዝ፣ ደብቆ ባዶ ወረቀት ከመያዝ ይሻላል። እግሩ ይሸፈናልና።

የሚሻለው መፍትሔ የቡድን መድን ነው። የባህልና ስፖርት ሚኒስቴር፣ ወይም የከተማው የባህል ቢሮ፣ ወይም የሙዚቀኞች ማኅበር በዓመት አንድ ውል ይፈርማል። ተጓዦች በወጡ ቁጥር ስማቸው፣ ዕድሜያቸውና ቀናቸው ለኩባንያው ይላካል፤ ቅድሚያ ከተያዘው አረቦን ላይ ይቀነሳል። ሃያ ወጣት ተወዛዋዦችና ሦስት አዛውንት በአንድ መዝገብ ሲሆኑ የአዛውንቶቹ ስጋት በሃያው ላይ ይሟሟል። ለኩባንያውም የሚያዋጣ ነው፤ ከነጠላ ደንበኛ ይልቅ ቋሚ ውል። ድርድሩ ላይ የሚያዙት ነጥቦች ሦስት ናቸው፦ የዕድሜ ጣሪያው ከ75 እንዳያንስ፣ ለቡድኑ አባል የግል ጤና መጠይቅ እንዳይቀርብ፣ በቁጥጥር ሥር ያለ ነባር ሕመም በድንገት ቢነሳ ቢያንስ በተወሰነ መጠን እንዲሸፈን። ሦስተኛውን ኩባንያዎች በቀላሉ አይሰጡም፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግን ቁጥር ሲያዩ ይሰጣሉ።

ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ ሕንጻው ከብሔራዊ ትያትር በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ቢሆንም ስለ ሙዚቀኛ ኢንሹራንስ ያነጋገረው ትያትር ቤት ይኖር ይሆን? አሁንም የእንግሊዙን ተቆጣጣሪ እናንሳ። እዚያ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኩባንያ በሕመም ምክንያት ደንበኛን ሲመልስ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎችን የሚያስተናግዱ ድርጅቶች የተዘረዘሩበትን ማውጫ መጠቆም ግዴታው ነው። ሽጥ አልተባለም፤ መንገዱን አሳይ ተባለ። እዚህም ኩባንያዎች የዕድሜ ጣሪያቸውንና የዋጋ እርከናቸውን በግልጽ እንዲለጥፉ፣ እምቢታን በጽሑፍ እንዲሰጡ ማዘዝ ይቻላል። አንድ አዛውንት ከለገሃር እስከ ቦሌ የኢንሹራንስ ቢሮ ለቢሮ ከሚዞሩ ይህ ይሻላል።

መሣሪያውን በተመለከተ የጉዞ ኢንሹራንሱ አያድንም ማለት ይቻላል። የሻንጣ ሽፋኑ ለአንድ ዕቃ የሚከፍለው ጣሪያ ትንሽ ነው፤ «ተሰባሪ ዕቃ» ተብሎ የሚወጣበትም ብዙ ነው። አየር መንገድም በሞንትሪያል ስምምነት ለአንድ መንገደኛ ሻንጣ የሚጠየቀው ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ እስከ 1,519 ኤስዲአር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ)፣ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ፣ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ዕቃውን ሲያስረክብ ልዩ የዋጋ መግለጫ ሞልቶ ተጨማሪ ይከፍላል። ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚያልፍ በገና 55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር ከሚለው የእጅ ሻንጣ ልክ ጋር አይዋወቅም። ጠንካራ ሳጥን ይሠራለት፤ ከመጫኑ በፊት አውታሩ ሁሉ ይላላ፣ ድልድዩ ይነሳ። የአውሮፕላን ደረቅ አየር ቁርበቱን ሲስበው፣ የተወጠረ አውታር ከተጨመረበት የሚቀደደው ቁርበቱ ነው። ሲደርሱ ጉዳት ካለ ከአዳራሹ ሳይወጡ የጉዳት ሪፖርት ማስሞላት፣ ለአየር መንገዱም በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ስምንተኛው ቀን ላይ የሚሰማ የለም።

ሰው ሲታመምም ያው ነው፤ መጀመሪያ ስልክ፣ ከዚያ ሆስፒታል። ነፍስ የሚያሰጋ ካልሆነ በስተቀር ለእርዳታ ሰጪው ሳይደውሉ የከፈሉት ሒሳብ አዲስ አበባ ተመልሶ ካሳ ሲጠየቅበት ወራት ይፈጃል። የጉዳይ ቁጥር መቀበል፣ የሐኪሙን ማስረጃና ዋናውን ደረሰኝ መያዝ።

የመጨረሻው ጣጣ ቦሌ ላይ ነው፤ ሲመለሱ። ከውጭ የተሠራ መሣሪያ ይዞ የሚወጣ ሰው በመውጫው ላይ የመለያ ቁጥሩን ለጉምሩክ አስመዝግቦ ወረቀቱን ካልያዘ፣ ሲገባ «አሁን የገዛኸው ነው» ሊባል ይችላል፤ ከዚያ ያቺው የታክስ መሰላል ከታች ትጀምራለች። ጥቂት የክራርና የጊታር ክር እሽጎች ግን በግል መጠቀሚያ ስለሚታለፉ፣ ከጉዞ የሚመለስ መምህር ሻንጣው ጥግ ላይ የሚይዘው እነሱን ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ባለሦስት ክር የሆኑትን ያውቃቸዋልና።